በደመና ደን ለማደር ደረቅ ክፍል መምረጥ፦ ስለ ተራራ ሎጆች ያየሁት

በደመና ደን ውስጥ ለሚያድር መንገደኛ ምቾት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ደረቅ ሆኖ መተኛት ማለት ነው። ይህን የምጽፈው በልዩ ልዩ ጊዜ በእንዲህ ያሉ ደኖች ዳርና መካከል በተሠሩ ሎጆች ካደርሁ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጉዞዬን ሲያሳምሩልኝ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ሲያከብዱብኝ ካየሁ በኋላ ነው። የሎጆች ማስታወቂያ ስለ ሰፊ አልጋ፣ ስለ ግዙፍ መስኮትና ከበረንዳ ስለሚታየው ሸለቆ አብዝቶ ይናገራል፤ የረጠበ ካልሲ የት እንደሚደርቅ ግን አይናገርም። እኔ ማረፊያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚሰጠኝ መልስም ስለ ቀረው አያያዝ ሁሉ ብዙ ይነግረኛል።

የደመና ደን የሚባለው በሐሩር ክልል ተራሮች ላይ ደመና ዘወትር ወይም በተደጋጋሚ ወርዶ ዛፎቹን የሚሸፍንበት ደን ነው። በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በባሕር ዳርቻና በደሴት ላይ ብቻቸውን በቆሙ አነስተኛ ተራሮች ግን ከ1,000 ሜትር በታችም ሊወርድ ይችላል። እርጥብ አየር በነፋስ እየተገፋ ተዳፋቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘው ተን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ዛፎቹና በቅርንጫፎቻቸው ላይ ተጣብቀው የሚበቅሉት ሞስ፣ ፈርንና ኦርኪድ እነዚህን ጠብታዎች ከጉሙ ውስጥ እየለቀሙ ወደ መሬት ያንጠባጥባሉ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ውሃ በብዙ ቦታዎች ከዝናቡ መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ነው፤ በደረቁ ወራት ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ አንድም የዝናብ ጠብታ ባልወደቀበት ቀን ሰው ከደን ሲመለስ ልብሱ ርሶ ያገኘዋል። ቅጠሉን የሚያረጥበው ጉም በክፍሉ ስንጥቅ ገብቶ አንሶላውን፣ ትራሱን፣ የመጽሐፉን ገጽና የካሜራውን ሌንስ ያረጥባል። ሎጅ የሚፈተነውም ይህን እርጥበት እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው።

ብዙ ሰዎች የሚፈሩት ቅዝቃዜውን ነው። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው ባይሆንም ቅዝቃዜን በተጨማሪ ብርድ ልብስ መመከት ይቻላል፤ እርጥበትን ግን ብርድ ልብስ አይመክተውም፣ እንዲያውም ብርድ ልብሱ ራሱ እርጥበቱን ይይዛል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ሙቀትና አየር ማዘዋወር በአንድነት ነው። በ12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እርጥበት የጠገበ አየር ሌላ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 20 ዲግሪ ቢሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ተን የያዘው ድርሻ፣ ከ100 ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በዚህ ሁኔታ ልብስ ይደርቃል፣ ሻጋታም በቀላሉ አያድግም። የስምንት ዲግሪ ልዩነት ይህን ያህል ሥራ ስለሚሠራ፣ በክፍሉ ውስጥ አነስተኛም ብትሆን የምትሠራ ማሞቂያ ያለችበት ሎጅ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ብቻ ትልቅና የሚያምር ምድጃ ካለው ሎጅ ይሻላል እላለሁ። አንድ ጊዜ ያረፍሁበት ሎጅ በማስታወቂያው ላይ የሚነድ የእሳት ምድጃ በኩራት አሳይቶ ነበር፤ ምድጃው በእውነትም ነበረ፣ ነገር ግን ከእራት በኋላ ሁላችንም ወደየክፍላችን ስንበተን እሳቱ እዚያው ይቀር ነበር፤ የመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ ላይ ምድጃ ሲታይ ምድጃው የሚገኝበት ክፍል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የማሞቂያው ዓይነትም ቸል የሚባል አይደለም። የጭስ መውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ክፍሉን ቢያሞቅም እርጥበቱን አያስወግድም፤ አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲነድ ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃልና። ከዚህም የከፋው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያጠራቅም መቻሉ ነው፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ላለ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይገድላል። ከሰል በክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛትም እንዲሁ ነው። የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው የእንጨት ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም በቱቦ የሚዘዋወር ሙቅ ውሃ ጥሩ ናቸው። የእንጨት ምድጃ ያለው ሎጅ እንጨቱን የት እንደሚያስቀምጥ መመልከትም ጠቃሚ ነው፤ በጉም ውስጥ ሜዳ ላይ የተከመረ እንጨት ጭስ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅም የመንገደኛው መብት ነው፤ ሊያሳየን የጋበዘንን ደን እየቆረጠ የሚያሞቀን ሎጅ እኔ አልመርጥም።

ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ማረፊያ በመልኩ የማይታወቅ ነበር። ክፍሎቹ ጠባብ፣ መስኮቶቹ መጠነኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ማሞቂያው ጋን ባለበት ቦታ፣ የእንግዶች ልብስና ጫማ የሚሰቀልበት አንድ ክፍል ነበረ። ማታ የሰጠነው ጃኬት ጠዋት ደርቆና ሞቆ ይመለስ ነበር። በየአልጋው ላይ የላባ ሳይሆን የሱፍ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር፤ ላባ እርጥበት ሲነካው ይጠቀጠቅና ሙቀት መያዙን ይተዋል፣ ሱፍ ግን እርጥበት ቢነካውም ያሞቃል። የልብስ ቁም ሣጥኑ በር ሳይሆን ክፍት መደርደሪያ ነበረው፤ ይህም ባለቤቶቹ የቦታውን አየር የሚያውቁ መሆናቸውን ነገረኝ፤ በደመና ደን የተዘጋ ቁም ሣጥን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሻጋታ ቤት ይሆናልና። እንግዶች እንደ ደረሱ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት አልጋቸው ውስጥ ተደርጎ ይጠብቃቸው ነበር። እነዚህ ሁሉ በገንዘብ ረገድ ትልቅ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት በዚያ ቦታ ዓመቱን ሙሉ የኖረ ሰው ማሰቡን ነው።

ክፍል ሲታይ ዓይን ብቻ ሳይሆን አፍንጫም ይሥራ። የታፈነ የሻጋታ ሽታ፣ በጣሪያው ማዕዘን ላይ ያሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች፣ ከመስኮቱ ሥር የተላጠ ቀለም፣ ሲዳሰስ ቀዝቀዝና ለስለስ የሚል ፍራሽ፣ አዲስ የተረጨ ጠንካራ ሽቶ ሳይቀር ምልክቶች ናቸው። አስም ወይም የመተንፈሻ አካል ችግር ላለበት ሰው ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ስለሆነ፣ ሌላ ክፍል እንዲሰጠው ሳያፍር ቢጠይቅ መልካም ነው። በአንድ ሎጅ ውስጥም ቢሆን ክፍሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ጀርባው ከተዳፋቱ አፈር ጋር የተጣበቀ ክፍል ሁልጊዜ ይረጥባል፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ምሰሶ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ግን ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ የተሻለ ይሆናል።

ሎጁ የቆመበት ቦታ ከሕንፃው የማይተናነስ ክብደት አለው። በከፍታ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በ1,400 ሜትር ላይ ቀለል ባለ ሹራብ የሚታደርበት ተራራ በ2,600 ሜትር ላይ እውነተኛ ብርድ አለው። ከ2,500 ሜትር በላይ ማደር ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ከቆላ በአንድ ቀን ወጥቶ እዚያ ከማደር መጀመሪያ ዝቅ ባለ ቦታ አንድ ሌሊት ማሳለፍ ይጠቅማል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን አይበቃም። በተራራው ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ የተሠራ ሎጅ እይታው ግሩም ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ጉሙ በነፋስ እየተወረወረ ግድግዳውን የሚመታው እዚያ ነው። ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከነፋሱ የተከለለው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ደረቅና ጸጥተኛ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የኮስታሪካው ሞንቴቨርዴ ነው። ከካሪቢያን ባሕር በኩል የሚመጣው ነፋስ ደመናውን እየገፋ ተራራውን ሲሻገር በጫፉ ላይ ያለው ጥብቅ ደን በጉምና በካፊያ ይሸፈናል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ አቅጣጫ ዝቅ ብለው ያሉት መንደሮች ግን በዚያው ሰዓት ፀሐይ ሊያገኙ ይችላሉ። ጥብቅ ደኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ በዓለም ላይ በዚያ አካባቢ ብቻ ይኖር የነበረው ወርቃማ ቀለም ያለው እንቁራሪት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያ ቦታ ከዲሴምበር ጀምሮ ባሉት ወራት ዝናቡ እየቀነሰ ነፋሱ ግን ይበረታል፤ «ደረቅ ወቅት» የሚለውን ቃል ብቻ አንብቦ የዝናብ ጃኬቱን ቤት የሚተው ሰው ስለዚህ ነፋስ አልተነገረውም ማለት ነው። ኬትዛል የተባለውን አረንጓዴና ቀይ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች የሚመርጡት የመራቢያ ጊዜውን፣ በግምት ከማርች እስከ ጁን ያለውን ነው። ወደ የትኛውም የደመና ደን ቢሆን የሚሄድ ሰው የዝናቡን ወራት ብቻ ሳይሆን የነፋሱን ወራትና ጉሙ በቀን ውስጥ የሚወርድበትን ሰዓት ለይቶ ቢጠይቅ ብዙ ይጠቀማል። በብዙ ተራሮች ንጋቱ ጥርት ብሎ ደመናው ከረፋድ በኋላ ይወርዳል።

ይህም ሎጁ ከደኑ ምን ያህል ይርቃል ወደሚለው ጥያቄ ይወስደኛል፤ እኔም ከደረቅነት ቀጥሎ የማስቀድመው ይህንን ነው። ወፎች አብዝተው የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ከንጋት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከሎጅ ወደ ደኑ መግቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት በመኪና የሚጓዝ ሰው ከቀኑ ሁሉ የተሻለውን ክፍል በመንገድ ላይ ያሳልፈዋል። የእግር መንገዱ ከበረንዳው ሥር የሚጀምር ሎጅ በሌላ በኩል ቀላል ቢሆንም ይህን ጉድለቱን ይክሳል። በተጨማሪም ጉሙ ወርዶ መንገዱ በሚዘጋበት ቀን ከጣሪያ ሥር ተቀምጦ ደኑን ማየት የሚቻልበት ሰፊ፣ የተሸፈነ በረንዳ መኖሩን እመለከታለሁ፤ እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ ያሳለፍኋቸው ከሰዓት በኋላዎች በጭቃ ውስጥ ከተጓዝሁባቸው ብዙ ሰዓታት የበለጠ አሳይተውኛል። በኢኳዶር በሚንዶና በታንዳያፓ አካባቢ ያሉ ማረፊያዎች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ሃሚንግበርድ የተባሉት ጥቃቅን ወፎች የስኳር ውሃ ሊጠጡ እዚያው በረንዳው ድረስ ይመጣሉ። ኦሊንጊቶ የተባለው በዛፍ ላይ የሚኖር የሌሊት እንስሳም የኢኳዶርና የኮሎምቢያ ደመና ደኖች ነዋሪ ነው፤ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ለዓለም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2013 ብቻ መሆኑ እነዚህ ደኖች ገና ምን ያህል ያልታወቀ ነገር እንደያዙ ያሳያል።

ሎጁ ለደኑ ያለውን አክብሮትም በትንንሽ ነገሮች መለየት ይቻላል። ለወፎቹ የሚቀርበው አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ የተበጠበጠ፣ ቀለም ያልገባበትና ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ መሆን አለበት። ትልልቅ መስታወቶች ወፎች እንዳይጋጯቸው ምልክት ወይም መረብ ቢደረግባቸው ጥሩ ነው። በመግቢያው ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽና ማጠቢያ ካለ ደግሞ ባለቤቶቹ እንቁራሪቶችን የሚገድለው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በጭቃ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዛመት ያውቃሉ ማለት ነው። እነዚህን የሚጠነቀቅ ሎጅ አንሶላውንም በጥንቃቄ እንደሚያደርቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በምድር ወገብ አቅራቢያ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይረዝማል፤ ጉም ሲኖር ደግሞ ጨለማው ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ ከራስጌ በኩል ለማንበብ የሚበቃ መብራት፣ የሚመች ወንበርና መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት አስቀድሞ መታወቁ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከፀሐይ ኃይል ብቻ መብራት የሚያገኙ ማረፊያዎች ተከታታይ ጉም በሚኖርባቸው ቀናት ኃይል ያጥራቸዋል፤ ጄኔሬተር የሚጠቀሙት ደግሞ በተወሰነ ሰዓት ያጠፉታል፣ ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል። ሙቅ ውሃው በምን እንደሚሞቅና በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ መጠየቅም እንዲሁ ነው፤ ከደን ርሶ የተመለሰ ሰው ሙቅ ሻወር የሚፈልገው ያኔውኑ እንጂ ማታ አይደለም።

ስለ ምግብ የምለው ጥቂት ነው፦ ከንጋት በፊት ትኩስ መጠጥ፣ ከደን መልስ ትኩስ ሾርባ የሚያቀርብ ወጥ ቤት በቂ ነው፤ በአቅራቢያው ሌላ መመገቢያ ስለማይኖር የማይበሉትን ምግብ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ግን ጥያቄ የሚገባው ነው። በተራራ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የመሬት መንሸራተት የተለመደ ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በማንኛውም መኪና የሚሄዱ ወይስ ፎር ባይ ፎር የሚጠይቁ መሆናቸውን፣ መንገዱ ቢዘጋ ሎጁ ምን እንደሚያደርግ፣ በእግር የሚሄድበት ክፍል ካለም ሻንጣውን ማን እንደሚሸከም ማወቅ ይበጃል። ዕድሜያቸው ከገፋ ወላጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ከመመገቢያው እስከ መኝታው ያለው ደረጃ ብዛትና የሚያንሸራትት መሆን አለመሆኑ ከሁሉም በፊት ይመጣል፤ በእርጥብ እንጨት የተሠራ ደረጃ መደገፊያና ሸካራ ንጣፍ ከሌለው አደገኛ ነው።

ማረፊያ ከመያዜ በፊት ለሎጁ በቀጥታ እጽፋለሁ። የምጠይቀው ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ፣ ልብስ የት እንደሚደርቅ፣ በምሄድበት ወር ጉሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚወርድና በየትኞቹ ክፍሎች እርጥበቱ አነስተኛ እንደሆነ ነው። «ሁሉም ክፍሎቻችን ምቹ ናቸው» የሚል መልስ ሲመጣልኝ ሌላ እፈልጋለሁ። «በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ጉም አለ፤ ሦስተኛውን ክፍል ይውሰዱ፣ ከኋላው ያለው ይረጥባል» ብሎ የመለሰልኝን ግን በእምነት ይዤዋለሁ፣ አላሳፈረኝም። የቀደሙ እንግዶችን አስተያየት ሳነብም የምፈልገው እኔ በምሄድበት ወር ያደሩትን ሰዎች ነው፤ በደረቁ ወር ያደረ ሰው ምስጋና በዝናቡ ወር ለሚሄድ አይጠቅምም።

ከቻሉ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይያዙ፤ አንዱ ቀን በጉም ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላልና። ልብስን በማይረጥብ ከረጢት ከፋፍለው ይያዙ፤ ከጥጥ ይልቅ የሱፍና ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይምረጡ፤ አንድ ሙሉ ቅያሪ ግን ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ እንጂ ወደ ደን አይውጣ። ካሜራና የርቀት መነጽርን ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲያስገቡ ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱት፤ ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቢቆይ ጤዛው በሌንሱ ላይ ሳይሆን በከረጢቱ ላይ ይቀራል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አብሮ ማስገባትም ይረዳል። ክፍሉ እንደ ደረሱ ካላማረዎት ሻንጣውን ሳይፈቱ፣ ገና ቀን ሳለ ለአስተናጋጆቹ ይንገሩ፤ ማታ ሁሉም ክፍል ከተያዘ በኋላ ሊረዱዎት ቢፈልጉም አይችሉም።